ጣና ላይ ካይቲን የለም ያላችሁት ምን አይታችሁ ነው?

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ በውሃ ጥራት ዙሪያ በተደረገ ውይይት አንድ ኃላፊ የጣናን ዞፕላንክተን (ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት) ለኮሌራ እንመርምር የሚለውን ሐሳብ ቅንጦት ነው ብለው ጣሉት። ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የኮሌራ ባክቴሪያ የሚበላውን ካይቲን፣ ማለትም የሸርጣንና የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበትን ጠንካራ ነገር፣ የሚያገኘው ሸርጣንና ሽሪምፕ ባለበት ባሕር እንጂ ጣና ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቅርፊት መብላትና ሰው ማሳመም አይገናኙም። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ሁለተኛው ግን ሰው የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

የመጀመሪያውን ለመጣል አንድ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ዘጌ ዳር 64 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው መረብ ለጥቂት ደቂቃ ጎትቱና የያዘውን በ40 እጥፍ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ኮፔፖድና ዳፍንያ የተባሉ ደቃቅ ቅርፊታሞች ይርመሰመሳሉ። ልብሳቸው ካይቲን ነው፤ ባደጉ ቁጥር አሮጌውን እየጣሉ አዲስ ይሠራሉ። የትንኝ መሳይ ነፍሳት እጭም የሻጋታ ግድግዳም ካይቲን አለበት። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ የሆነና ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ የሚደፈርስ ሐይቅ ይህን ሁሉ ደጋግሞ ወደ ላይ ያወጣዋል። የጨው ማነስ ባክቴሪያውን ይፈትነዋል፤ ይህን አልክድም። የታንጋኒካ ሐይቅ ግን ባሕር አይደለም፤ ዳርቻው ላይ ኮሌራ ሲመላለስ ስንት ዘመኑ ነው!

አሁን ወደ ዋናው። የኮሌራው ባክቴሪያ፣ ቪብሪዮ ኮሌሬ፣ ካይቲን ቆራጭ ኢንዛይሞቹን (ካይቲኔዞቹን) ዝም ብሎ አያመርትም፤ ጉልበት ይጨርሱበታል። በሁለቱ ሽፋኖቹ መካከል ካይቲን የሚይዝ አንድ ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ባዶውን ሲሆን ቺኤስ የተባለውን ተቆጣጣሪ አፍኖ ይይዘዋል። ሆኖም ጥቂት ኢንዛይም ምንጊዜም ወደ ውጭ ይወጣል። ቅርፊት ካገኘ ጥቂት ስኳሮች የተያያዙባቸውን ቁርጥራጮች ይቆርጣል፤ ቁርጥራጮቹ በውጨኛው ሽፋን ቀዳዳ ገብተው ያንን ፕሮቲን ይይዙታል፤ ቺኤስም ይለቀቃል። ከዚያ ቺኤስ ራሱ ዲኤንኤው ላይ አርፎ የካይቲኔዝና የስኳር ማስገቢያ ጂኖችን ያስነሣል።

እዚህ ድረስ የምግብ ጉዳይ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። እነዚያው ቁርጥራጮች ቲኤፍኦኤክስ የተባለ ሌላ ተቆጣጣሪም ይቀሰቅሳሉ። ባክቴሪያው ቅርፊቱ ላይ ተጨናንቆ ከበዛና ግሉኮስ ከሌለ፣ በአካባቢው የተበተነ ዲኤንኤ ወደ ውስጡ መሳብ ይጀምራል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። በ2007 በካይቲን ላይ ያደገ፣ ኦ1 የተባለ የኮሌራ ዝርያ በዚሁ መንገድ ኦ139 ወደተባለው ሌላ ዝርያ ሲለወጥ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ኦ1 ታምሞ የዳነ ሰው ያገኘው መከላከያ ደግሞ ኦ139ን አያስቆምም። በ2015 ያው ቲኤፍኦኤክስ ጎረቤት ባክቴሪያን የሚወጋ መሣሪያ እንደሚያስነሣ ታወቀ፤ ወግቶ ይገድለዋል፣ ዲኤንኤውንም ይወስዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቅርፊት ላይ ነው። ቅርፊቱ የገበያ ቀን ነው፤ አዲስ ጠባይ የሚሸመትበት።

ከሰው አንጀት ጋር ምን አገናኘው ለሚሉትም መልሱ አለ። ጂቢፒኤ የተባለው የባክቴሪያው ፕሮቲን የሚጣበቀው ካይቲን የተሠራበትን ስኳር ይዞ ነው፤ ያው ስኳር በአንጀታችን ንፍጥ ውስጥም አለ። ጂኑ የተነቀለበት ባክቴሪያ የአይጥ አንጀት ውስጥ እንደ ወትሮው አይሰፍርም። ቺኤ2 የተባለው ካይቲኔዝም ንፍጡን ቆርጦ ለባክቴሪያው ምግብ ያደርግለታል። ኮፔፖድ ላይ የሚያጣብቀው፣ ሰው ውስጥም ያጣብቀዋል። ይህን የማያገናኝ ሰው ስለ ኮሌራ ባይወስን ይሻላል።

ባክቴሪያው የሚገባው ከተጓዥ ሰው ጋር ነው የሚሉም አሉ። ይግባ እንጂ! የአፍሪካ ዝርያዎች ጂኖም ከእስያ ደጋግመው እንደገቡ ያሳያል። ጥያቄው ሐይቁ ውስጥ ከገባ በኋላ የት ያርፋል፣ ምን ሆኖ ይወጣል ነው።

አንድ ሊትር የጠራ ውሃ ቀድቶ ነፃ ነው ማለት ምርመራ አይባልም። የመረቡን ናሙና ፈጭቶ ፒኤቹ 8.5 ገደማ በሆነ አልካላይን ፔፕቶን ውሃ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ) በ37 ዲግሪ ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ማሳደግ፣ ከዚያ ቲሲቢኤስ የተባለ የባክቴሪያ መለያ ምግብ ያለበት ሳህን ላይ መዝራት ነው። 8 ሰዓታት ካለፉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ይውጡታል። ሳህኑ ላይ የበቀለ ቢጫ የባክቴሪያ ክምር ሁሉ ኮሌራ አይደለም፤ ኦ1ን ለይቶ በሚይዝ ሴረም ይረጋገጥ። ሳህኑ ባዶ ቢሆንም አትዘናጉ፤ ባክቴሪያው በሕይወት እያለ ሳህን ላይ ማደግ የሚተውበት ጊዜ ስላለ ዲኤንኤውን የሚፈልገው ፒሲአር ያስፈልጋል።

ክሎሪን አለን ማለትም አያዋጣም። ታንኳ ላይ ውሎ ከሐይቁ ቀድቶ የሚጠጣ አሳ አስጋሪ ክሎሪን ይዞ አይወጣም። ቤት ውስጥም ቢሆን ክሎሪኑን ድፍርሱ ይጨርሰዋል፤ ኮፔፖድ ላይ የተጣበቀው ባክቴሪያ ደግሞ ለብቻው ከሚዋኘው ይልቅ ይቋቋመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማጥለል ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ በ2003 በታተመ ጥናት፣ አራት ጊዜ በታጠፈ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ ውሃ ያጠለሉ መንደሮች ኮሌራ በ48 በመቶ ቀንሶላቸዋል። አሮጌ የተመረጠው አለምክንያት አይደለም፤ ደጋግሞ የታጠበ ጥጥ ክሩ ይፈታና ቀዳዳው ወደ 20 ማይክሮሜትር ይጠባል። ነጠላ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ አላምነውም፤ ያረጀ የጥጥ አንሶላ ይሻላል። አጥልላችሁ ስታበቁ ክሎሪኑን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጨርቁን በተጣራ ውሃ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ እርጥቡን አጣጥፎ ማስቀመጥ የያዘውን ለነገው ውሃ ማቆየት ነው።

ለመጪው ክረምት የሚወጣው የምርመራ ዕቅድ ውስጥ ከባሕር ዳር፣ ከዘጌና ከጎርጎራ ዳርቻ የመረብ ናሙና ይግባ። ዕቅዱ ሳይጸድቅ፣ አሁን።