ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማን ነው የጋገረው?

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር በተደረገ አንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጉዳዩ መብራት ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት ፊደር (ከማከፋፈያ ጣቢያ ወደ ሰፈር ኃይል የሚያደርስ መስመር) አብሮ ጠፍቶ ከሐይቁ ዳር እስከ ቀበሌ 14 ጨለማ ውጦን ስላደረ፣ ምን ሆኖ ነው ተብሎ ተጠየቀ። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ሁለት ነገር አሉ። አንደኛ፣ ሁለቱ መስመሮች አሁን ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው በቀለበት ስለተያያዙ ከእንግዲህ መቆራረጥ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የዚያ ሌሊቱ ጣጣ የመጣው ሕዝቡ ምጣድ ስላበዛ ነው።

ከምጣዱ ልጀምር። መብራቱ የጠፋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ማን ነው እንጀራ የሚጋግረው? ሰርግ ያለበት ቤት እንኳ ጋደም ብሏል። ሒሳቡንም እንሥራው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሺህ ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢሰካ 3.5 ሜጋ ዋት ነው፤ በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ወደ 135 አምፔር ቢሆን ነው። ዘንባባ ሽቦ ላይ ወድቆ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ግን፣ በተለይ ለማከፋፈያ ጣቢያው ከቀረበ፣ የሚሮጠው በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ነው። እነዚህን ሁለቱን የማይለይ ሪሌ (ብልሽት ሲያይ መስመሩን የሚያስቆርጠው የጥበቃ መሣሪያ) ካለ ጥፋቱ የእናቶቻችን አይደለም። ኃይል አነሰ እንዳይባል ደግሞ ጣና በለስ ከዚሁ ሐይቅ ውኃ እየሳበ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ነው።

አሁን ወደ ቀለበቱ። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

በነጠላ መስመር ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። ኃይል ከአንድ ጫፍ ይመጣል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጥበቃውም ወረፋ ነው፤ ለብልሽቱ የቀረበው ሪሌ ይቆርጣል፣ ከኋላው ያለው 0.3 ወይም 0.4 ሰከንድ ያህል ይታገሣል፣ ፊተኛው እምቢ ካለ ብቻ ይገባበታል። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰፈር ይጨልማል፣ ሌላው ቡናውን ይጠጣል። ቀለበቱን ዘግታችሁ ከሁለቱም ጫፍ ኃይል ስትለቁበት ግን ወረፋው ፈረሰ። ብልሽቱ ከሪሌው ፊት ለፊት ከሆነ ቶሎ መቁረጥ አለበት፣ ከጀርባው ከሆነ ዝም ማለት አለበት፤ የድሮው ሪሌ ግን የአምፔሩን ብዛት እንጂ የመጣበትን አቅጣጫ አያይም፣ ስለዚህ በሰው ሰፈር ብልሽት የራሱን ሰፈር ያጨልማል፣ ጎረቤቱም እንደዚያው ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ፊደር ይተኛል። የባጃጅ መንገድ እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው? ባለ አንድ አቅጣጫ የነበረውን መንገድ ባለ ሁለት አድርጎ፣ ትራፊኩን ፊቱን ወደ ድሮው በኩል አዙሮ አቁሞ፣ አደጋ ሲደርስ «እግረኛ በዛ» ማለት!

መፍትሔው የተደበቀ ጥበብ አይደለም። ከአምፔሩ ጋር ቮልቴጁንም አይቶ አቅጣጫ የሚለይ ሪሌ አለ። በቀለበቱ በቀኝ ዙሪያ የሚያዩት ለብቻ፣ በግራ ዙሪያ የሚያዩት ለብቻ በጊዜ ይደረደራሉ። ገንዘብ ካለ ደግሞ በሁለቱ ጫፍ ያሉ ሪሌዎች በፋይበር እየተነጋገሩ፣ የገባው አምፔር ከወጣው ጋር ካልተካከለ መሀላቸው ያለውን ብቻ ይቆርጣሉ። ይህ ሁሉ ግን መጀመሪያ ጥናት ይፈልጋል፤ አንዱ ምንጭ ሲጠፋ የብልሽቱ አምፔር ስለሚቀየር ያንንም ጨምሮ።

ጥናቱን ማን ሠራው ብለን ጠየቅን። መልሱ «ሴቲንጉን ከፍ አድርገነዋል፣ ከእንግዲህ በትንሽ ትልቁ አይቆርጥም» የሚል ሆነ። ሴቲንግ ማለት ሪሌው ከስንት አምፔር ጀምሮ እንደሚቆርጥ የሚሞላለት ልክ ነው። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ሽቦ ተበጥሶ ደረቅ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚያልፈው አምፔር ትንሽ ነው። ያንን «ትንሽ ትልቅ» የማይቆርጥ ሪሌ፣ ልጆች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ሕይወት ያለው ሽቦ አስተኝቶ ዝም ይላል። ይኼ ነው የተጨበጨበለት።

ስለ ትራንስፎርመር ፊውዝ ብዙ አላወራም። በተቃጠለው ፈንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ሲታሰርበት በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንዲያ ከሆነ በኋላ ያ ፊውዝ ቀድሞ ይቆርጣል ብሎ የተሠራ ሒሳብ ሁሉ ወረቀት ላይ ቀረ።

ቀለበት በራሱ ክፉ ነው አላልኩም። አንድ ቦታ ላይ ክፍት ሆኖ ቢቆይና ሲቸግር ብቻ ቢዘጋ ሸጋ ነው፣ የጨለመውን ሰፈር ከወዲያኛው ጫፍ ቶሎ ማብራት ይቻላል። ያኔም ቢሆን የሁለት ሰፈር ጭነት በአንድ ፊደር ላይ እንደሚወድቅ የሪሌው ሴቲንግ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ከዚህ በላይ ግን አልለቅም።

ዲጂታል ሪሌ የቆረጠበትን ሰዓትና የአምፔሩን መጠን ይመዘግባል። የዚያ ሌሊቱ መዝገብ ይከፈትና በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበብልን። ምጣድ ሆኖ ከተገኘ፣ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ፍርፍሩም በእኔ ነው።