እጃችሁ ይባረክ፣ መታጠቡ ይቆየን

የህዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ማስታወቂያ መስቀልን ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ። ይታጠብለት እንዳልል ውሃ የለም፤ መመረቁ ይሻላል።

እስኪ አስቡት። ሰው መንገድ ላይ ማስታወቂያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣበት ጣቢያ ይቀይራል። መጸዳጃ ቤት ግን ወዴት ይሄዳል? ሱሪውን አውርዶ የተቀመጠ ሰው የመጨረሻው ጨዋ ተመልካች ነው። አይከራከርም፣ ተነስቶ አይሄድም። መቀርቀሪያው የተሰበረ እንደሆነ ደግሞ አንድ እጁ በሩን ይዟል። ሁለቱም እጆቹ ነፃ ቢሆኑ ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያውን ይረሳው ነበር። (መቀርቀሪያው የማይጠገነው ለዚህ ይመስለኛል። ክፋት አይደለም፣ ስልት ነው።)

እኔ ከሁሉም የማደንቀው ስክሪኑን ነው። አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። ጉዳያችንን የምንጨርሰው በሻምፖ ማስታወቂያ ብርሃን ነው። ከእጅ መታጠቢያው በላይ አንዲት ቆንጆ አረፋ የለበሱ እጆቿን እያሳየች ትስቃለች። ከስሯ ያለው የሳሙና መያዣ ባዶ ነው። ቧንቧውን ስትከፍተው ያስነጥሳል እንጂ ውሃ አይሰጥም። እጅን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ማሸት ይመከራል። ሳሙና ከሌለ ሴትዮዋን 20 ሰከንድ ማየት ነው እንግዲህ። በአይን መታጠብ ማለት ይሄ ነው።

ሽታውም መላ ተገኝቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ የመጸዳጃውን ቱቦ እንደ ኤስ ፊደል አጠፈው። እጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል። ያቺ ውሃ ከፍሳሹ የሚመጣውን ሽታ አፍና ትይዛለች። ብልሃቱ ይኸው ነው፣ ዛሬም ድረስ እሱው ነው የሚሠራው። ችግሩ ውሃ መፈለጉ ነው። ውሃው ሲደርቅ ሽታው እንግዳ ሆኖ ይገባል። የኛዎቹ ግን ሰው ቀደሙ፤ በሩ ላይ የሽቶ ማስታወቂያ ለጠፉበት።

እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን በተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ላይ ጆርጅ ጄኒንግስ የተባለ የቧንቧ ባለሙያ በክፍያ የሚያገለግሉ መጸዳጃዎች ተከለ። ከ800 ሺህ በላይ ሰው አንድ አንድ ፔኒ እየከፈለ ተጠቀመ። ለከፈለበትም ንጹህ መቀመጫና ፎጣ ሳይቀር ያገኝ ነበር። ምስኪን ጄኒንግስ! ያ ሁሉ ሰው በር ዘግቶ ተቀምጦለት ግድግዳውን ባዶ ተወው። ንጽህና ሸጦ ሊከብር!

የዘንድሮዎቹ ነቅተዋል። ቻይና ውስጥ ሶፍት የሚሰጥ ማሽን መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ኮዱን በስልክህ ስካን ታደርጋለህ፣ ማስታወቂያ ታያለህ፣ ከዚያ ሶፍቱ ይወጣልሃል። መታገስ ያቃተው ትንሽ ከፍሎ ይገላገላል። ባትሪው ያለቀበት ሰው ምን ይሁን? እሱ ቀድሞ ማሰብ ነበረበት።

ባለፈው እጄን ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ ልጅ የመሣሪያ ቦርሳ አንግቶ ገባ። ደስ አለኝ፣ የቧንቧ ሠራተኛ መስሎኝ። ንጹህ ጨርቅና የመስታወት ማጽጃ አውጥቶ ስክሪኑን እንደ ሕፃን ፊት ቀስ አድርጎ ወለወለው።

«ወንድሜ፣ ቧንቧውስ?» አልኩት።

«እሱ የኛ ሥራ አይደለም» አለኝ፣ በትህትና።

ጨርሶ ሊወጣ ሲል እጁን ለሰላምታ ዘረጋልኝ። የሱ እጅ ንጹህ ነበር። የኔን ከኋላዬ ደብቄ ጎንበስ አልኩለት።