በወረቀት ላይ ተፈቷል

ባለፈው እሑድ የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ካበቃ በኋላ አምስት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ቀረን። የቀረንበት ጉዳይ የ30 ሺህ ብሩ ነገር ነው። ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

የጎረቤታችን ልጅ ውኃ ለሳምንታት መጥፋቱን፣ የወረዳው ኃላፊዎችም አቤቱታ አልሰማ ማለታቸውን ጠቅሶ ፌስቡክ ላይ ጻፈ። «ሁከት በማነሳሳት» ተጠርጥሮ 26 ቀን ታሰረ። ፖሊስ ተጨማሪ ቀናት ሲጠይቅ ዳኛው አልተቀበሉትም፤ በ30 ሺህ ብር ዋስ እንዲወጣ አዘዙ። እናቱ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ቀን ከየት ታመጣለች? እድሩ አበደራት። ከፈልኩ፤ ደረሰኙን ተቀበልኩ፤ የመፈቻው ትእዛዝም ጣቢያው ደረሰ። ልጁ ልብሱን በፌስታል አንጠልጥሎ ከበሩ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቱ ደርሳ ሳታቅፈው ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች «ለሌላ ጉዳይ ትፈለጋለህ» ብለው መኪና ውስጥ አስገቡት። ፌስታሉ መሬት ላይ ቀረ።

«ገንዘቡ ይመለስ» አሉ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴው። «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። ልጁ ካልወጣ ዋስትናው ምን ያደርጋል? ደግሞስ መንግሥት ሥራ ፈትቶ አንድ ልጅ ደጋግሞ አይይዝም፤ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።»

የእድራችን ጸሐፊ ዕድሜያቸውን በችሎት ጸሐፊነት የጨረሱ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ገንዘቡማ አይመለስም። በመዝገቡ ላይ ልጁ ተፈቷል። ትእዛዙ ተፈጽሟል የሚል መልስ ለፍርድ ቤቱ ደርሷል። ለፍርድ ቤቱ ልጁ ዛሬ እቤቱ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው፤ ዋስትናውም ሲጠራ እንዲቀርብ የተያዘ ነው። አዲሱ ጣቢያ ደግሞ አዲስ መዝገብ ይከፍታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተጻፈው 48 ሰዓት እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል። ከዚያ 14 ቀን ይጠየቃል፤ ከዚያ ሌላ 14 ቀን።»

ወጣቷ መምህርት የቀናቱን ቁጥር ስትሰማ ጣቷን ማጠፍ ጀመረችና ተወችው።

ነጋዴው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ደግሞም ቁስል አለባቸው። «እኔ ሱቄ ሲሰበር የተያዘው ሰው በሦስተኛው ቀን በዋስ ወጣ። በመንገድ አግኝቶ ሰላምታ ሰጠኝ! ከዚያ ለቀጠሮ አልመጣም፤ እስከ ዛሬ ደብዛው ጠፋ። መብት መብት ስትሉ እኔ የሚታየኝ የዚያ ሰው ፈገግታ ነው። ፖሊስ ጠንከር ቢልልኝ ኖሮ አልከስርም ነበር።»

ይህን ሲሉ ሁላችንም ዝም አልን፤ እውነታቸውን ነው። መልስ የሰጡት ጸሐፊዋ ናቸው። «ጋሼ፣ ሕጉ እኮ ይህን ያውቃል። ሰውየው ቀጠሮ የማያከብር፣ ምስክር የሚያባብል ወይም ሌላ ወንጀል የሚፈጽም መስሎ ከታየ ዳኛው ዋስትና መከልከል ይችላል። የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ ይላል። የእርስዎን ሌባ ጉዳይ የያዘው መርማሪ ይህን ለዳኛው አስረድቶ ነበር? አላስረዳም። እዚያ ችሎት ላይ መናገር ያልቻለ ፖሊስ እዚህ በር ላይ ቆሞ የዳኛ ትእዛዝ ሲሽር ጠንካራ አይባልም።»

ከዚያ የ1993 ዓ.ም.ን ነገር አነሡ። እርሳቸው ያኔ በሥራ ላይ ነበሩ። አቶ ስዬ አብርሃ፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር፣ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብለው ወሰኑ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ወዲያው እንደገና ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የለውም የሚል ሕግ ወጣ፤ እርሳቸውም ስድስት ዓመት ያህል ታስረው በ1999 ዓ.ም. ወጡ። «ወሬው ወዲያው ግቢውን አዳረሰው» አሉ ጸሐፊዋ። «የዚያን ቀን ያየሁት የዳኞቹን ፊት ነው። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ዳኛ 'ይለቀቅ' ብሎ ሲጽፍ እጁ ይዘገያል።»

«እነዚያ እኮ ራሳቸው በሠሩት ቤት ነው የታሰሩት!» አሉ ነጋዴው። «በሥልጣን ላይ ሳሉ ስንቱ ሲታሰር ዝም ብለው የለ? ለእነሱ ነው የምናዝነው?»

«ለእነሱ ብቻ አይደለም። ለአንድ ሚኒስትር ተብሎ የጠበበው በር ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ያገኘው ግምጃ ቤት ጠባቂውንና ገንዘብ ተቀባዩን ነው። ለሚኒስትሩ ጠበቃ የሚቆምለት አያጣም፤ ለግምጃ ቤት ጠባቂው ማን ይቁም? ዳኛዋም ብትሆን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታስራ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት፣ በይቅርታ ወጥታ፣ ዳግም ታስራለች።»

እስከዚያ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው የቆዩት የእድሩ ዳኛ ቀና አሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። «እናንተ ስለ ዋስትና ስትነጋገሩ ከፈረንጅ የመጣ ነገር ይመስላችኋል» አሉ። «በአባቶቻችን ጊዜ የተጣሉ ሰዎች የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። 'በሕግ አምላክ!' የተባለ ሰው፣ ጎራዴ የታጠቀም ቢሆን፣ ባለበት ይቆማል። ዋስ የጠራ ደግሞ ይፈታል፤ ዋሱ ጎረቤቱ ነው፣ ዘመዱ ነው፣ ሰው ነው። ይህ እድር ለዚህ ልጅ ዋስ ሲሆን አዲስ ነገር አላደረገም። 48 ሰዓት የምትሉትም በ1948ቱ የንጉሡ ሕገ መንግሥት ውስጥ ነበረ። ተጽፎ ነበር። በደርግ ጊዜ ግን ቀበሌው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ አሳሪ ሆነ። ሰውን ያለ ፍርድ መግደል 'ነፃ እርምጃ' ተባለ። 'ነፃ' የሚለውን ቃል ለገዳዩ ሰጡት። ወንድሜን ፍለጋ ስንቅ ይዤ አራት ቀበሌ ዞሬያለሁ።» ወንድማቸው ተገኝቶ እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ነጋዴው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ ሐሳባቸውን አልለቀቁም። «አባባ፣ ያንን ከዛሬው ጋር አያወዳድሩት። አገር ሲታወክ መንግሥት ጠበቅ ማድረጉ የትም አገር ያለ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ይፈቅዳል።»

«አንቀጽ 93» አሉ ጸሐፊዋ ወዲያው። «ይፈቅዳል። ግን በአዋጅ፣ በምክር ቤት፣ ለስድስት ወር፤ ከዚያ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳን መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲገልጽ ያዛል። ይህ ልጅ የተያዘው ያለ አዋጅ ነው። ስሙን የገለጸው ማን ነው? የት እንዳለስ የነገረን ማን ነው?»

መምህርቷ የተናገረችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነበር። የልጁን ጽሑፍ ወድዳ ምልክት አድርጋበት እንደነበር፣ በታሰረ ማግሥት ያንን ምልክት እንዳጠፋችው ነገረችን። «ማንም አላዘዘኝም። ሌሊት ተነሥቼ አጠፋሁት። ሰኞ ትምህርት ቤታችን የወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ነበር። የልጆቹ መጸዳጃ ቤት ውኃ የለውም፤ ሁሉም ወላጅ ያውቃል፤ አንድ ሰው አላነሣውም። እኔም አላነሣሁትም።»

የእኔን ፍርድ እዚህ ላይ ልናገር። ነጋዴው በሌባው ነገር ተበድለዋል፤ በደላቸውም መልስ ይፈልጋል። ነገር ግን እርሳቸውን የበደላቸው ደካማ ምርመራ ነው፤ ልጁን ከእናቱ ክንድ የነጠቀው የዳኛን ትእዛዝ በር ላይ የሻረ ሥልጣን ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርገው በማየታቸው እቃወማቸዋለሁ። የዳኛ «ይለቀቅ» በጣቢያ በር ላይ ካልሠራ፣ ነገ ነጋዴው ራሳቸው በግብር ወይም በግምጃ ቤት ክርክር ቢያዙ የሚጠሩት ዋስ አይኖርም፤ እኛ እንኳ ዋስ ልንሆንላቸው አንችልም። ከሁሉ በላይ ግን ያሳመመኝ የመምህርቷ ነገር ነው። የታሰረው አንድ ልጅ ነው፤ ስለ ውኃ መናገር ያቆመው ግን አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ወላጅ ነው። ይህ ጉዳት በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም፤ ካሳም የሚጠይቅለት የለም። ሰው ተሰብስቦ «የልጆቻችን መጸዳጃ ቤት ውኃ የለውም» ለማለት ከፈራ ነፃነቱ ከተወሰደ ቆይቷል፤ ባይታሰርም።

ልንወጣ ስንል የልጁ እናት የምሳ ዕቃ በፎጣ ጠቅልላ አዳራሹ በር ላይ ቆማ አገኘናት። ስለ ገንዘቡ አልጠየቀችንም። «ስንቁን ወዴት ላድርስ?» ነበር ያለችው። ነጋዴው የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ። ሦስት ጣቢያ ዞርን። ሁለቱ «እኛ ጋ የለም» አሉ። ሦስተኛው የለምም አለም ሳይል ምሳ ዕቃውን ተቀበለን። በማግሥቱ ባዶውን ሲመልሱልን እናቱ ክዳኑን ከፍታ ውስጡን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። እዚያ እንዳለ ያወቅነው በዚህ ነው።

ነጋዴው አሁንም ገንዘቡ ይመለስ ባይ ናቸው። ማታ መዝገቡን ከፍቼ ተቀመጥኩ። በእድራችን መዝገብ ሁለት ዓምድ አለ፤ አንዱ ለወጪ፣ አንዱ ለተሰብሳቢ፣ ማለትም ተመልሶ ለሚገባ ገንዘብ። ወጪ የሚጻፈው ከቀብር ጋር ነው። 30 ሺህ ብሩን በተሰብሳቢው ጻፍኩት፤ ደረሰኙንም ከጎኑ አጣበቅሁት።