4ኬስ ይሁን፤ ይሰማል ወይ?

ሰሞኑን አንድ የአጭር ፊልም ውድድር ማስታወቂያ በየስልካችን ሲዞር ነበር። ከደንቦቹ አንዷ ደሜን አፈላችው፦ በ4ኬ ያልተቀረጸ ፊልም አይወዳደርም ትላለች። 4ኬ ማለት ከተለመደው ፉል ኤችዲ ቪዲዮ አራት እጥፍ የምስል ነጥብ (ፒክሰል) ያለው ነው። ለምን ሲባሉ አዘጋጆቹ የሰጡት መልስ ደግሞ ከደንቡ ይብሳል። ዛሬ 4ኬ ርካሽ ነው፣ ስልክ እንኳ በ4ኬ ይቀርጻል አሉ።

በማን ብር ነው ርካሽ የሆነው? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር 100ን ጥሶ ሄዷል። ካሜራ ደግሞ እዚህ አይመረትም፤ በዶላር ነው የሚገባው። ጀማሪ ዳይሬክተር የሚይዘው፣ ሰርግ ቀራጭ ጓደኛው ቅዳሜና እሁድ ሠርቶበት ሰኞ የሚያውሰውን ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ፉል ኤችዲ ነው።

የስልኩ ነገርማ ጭራሽ ያስቃል። ጥራት ብላችሁ ስልክ አስገብታችሁ ካሜራ ታስወጣላችሁ?

ሁለት ካሜራ ላንሳ። ካኖን 80ዲ እና ሶኒ ኤ6300 ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጡ ናቸው። ዛሬ ያገለገሉ ተብለው ይሸጣሉ። ሶኒው 4ኬ አለው፤ ካኖኑ ከፉል ኤችዲ አያልፍም። ስለዚህ ሶኒው ይገባል፣ ካኖኑ በር ላይ ይቀራል። አሁን ጎናቸውን እዩ። ካኖኑ አንድ ቀዳዳ ለማይክ፣ አንድ ደግሞ ለሄድፎን አለው። ሶኒው የማይኩ ብቻ ነው ያለው። በሶኒው የሚቀርጽ ልጅ የድምፅ መለኪያዋ ስክሪኑ ላይ ስትዘል ያያል እንጂ ምን እየተቀዳ እንደሆነ አይሰማም።

ፊልም የምታድነው ያቺ የሄድፎን ቀዳዳ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ቀረጻ የወጣ ሰው ያውቃታል። ተዋናይዋ እንባዋ ሲመጣ ውጭ የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል። ጎረቤት ግቢ ግራይንደር ይጮኻል። ፍሪጁ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። ጆሯችን ለምዶታል፣ ልብ አይለውም። ማይኩ ግን አንዷንም አይምርም። ሄድፎን ያደረገ ሰው እዚያው ያስቆማል፣ ፍሪጁን ይነቅላል፣ ይደገማል። ያላደረገው ጉዱን የሚያየው ኤዲት ሊያደርግ ሲቀመጥ ነው። ያኔ ቤቱ ለባለቤቱ ተመልሷል፣ ተዋናይዋም ፀጉሯን ተቆርጣለች። በል ድምፁን እንደገና እንቅዳ ይባላል። ከዚያ በኋላ ከንፈርና ቃል እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ናቸው። ተመልካቹም ስልኩን ያወጣል።

የድምፅ መቅጃ ለብቻ ይግዛ ትሉኝ ይሆናል። ይግዛ! በየትኛው ገንዘብ? በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ 4ኬ ካሜራ ለአንድ ሰዓት ቀረጻ 45 ጊጋባይት ይበላል። ፈጣን ካርድ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ላዩ ላይ ደግሞ የማይንገታገት ኮምፒውተር ያስፈልጋል። መቅጃውና ቡም ማይኩ (በዘንግ ተይዞ ተዋናዩ አጠገብ የሚዘረጋው) የሚገዙበት ብር እዚያው ያልቃል። ኤ6300 በ4ኬ ሲቀርጽ በሙቀት ሊጠፋ የሚችል መሆኑን እንኳ ትቼላችኋለሁ።

4ኬ በኤዲት ጊዜ ፍሬም ለመከርከም ይመቻል፤ እሱን አልክድም። ትልቅ ስክሪን ላይ ከ4ኬ በታች ያለው ይፈርሳል የሚለው ግን ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም «ስካይፎል» የተቀረጸው 4ኬ በማይደርስ አሪ አሌክሳ የሲኒማ ካሜራ ነው። ሲኒማቶግራፈሩ ሮጀር ዲኪንስ ለኦስካር ታጭቶበታል። 80ዲ እና አሌክሳ አንድ ናቸው አላልኩም። ልዩነታቸው ግን የፒክሰል ቁጥር ብቻ አይደለም። ያ አሌክሳም ቢሆን በናንተ ደንብ ውድቅ ነው!

ምዝገባው ገና አልተዘጋም። ያቺን መስመር መሰረዝ የደቂቃ ሥራ ነው። የምንፈልገው ጥራት ነው ካላችሁ፣ በምትኩ ንግግሩ የማይሰማ ፊልም አንቀበልም ብላችሁ ጻፉ። ስንቱ 4ኬ እንደሚወድቅ ያኔ እናያለን።