ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ጣናን መፈለግ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት 2፡30 ይጀመራል የተባለው የጣና ዓሣ ጥናት ገለጻ 4፡00 ላይ ተጀመረ። በዚህ የሚያጉረመርም ሰው ወግ አያውቅም። ሙሽራ ቀድሞ መጥቶ ያውቃል? ደግሞስ ባነሩ ተጣሞ ነበር፤ ሦስት ሰዎች ወንበር ላይ ቆመው አቃኑት።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው «የጥናቱ አካባቢ» የሚባለውን ስላይድ ነው። መስኮቱ ሲከፈት የሐይቁ ነፋስ ወረቀት በሚበትንበት የባሕር ዳር አዳራሽ አቅራቢያችን ከአፍሪካ ካርታ ይነሳል። ኢትዮጵያን በቀይ ይከባል። ከኢትዮጵያ አማራ ክልልን፣ ከክልሉ ተፋሰሱን እያወጣ በመጨረሻ ጣናን ሲያገኘው እፎይ እንላለን፤ ጠፍቶን ነበራ! ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ እንደሚል፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር እንደሆነም ይነገረናል። ሁለተኛው አቅራቢ «ቀደም ሲል እንደተገለጸው» ይልና እንደገና ይገልጻል። ሦስተኛው ለአፍሪካ አረንጓዴ ቀለም መርጧል። አራተኛው ፋይሉን በሰው ላፕቶፕ ስለከፈተው የግዕዝ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኗል (ፒዲኤፍ አድርጎ ማምጣት ለሰነፍ ነው)፤ ካርታው ግን፣ ተመስገን፣ ደህና ነበር። እስከ ምሳ ድረስ አራት ጊዜ ከአፍሪካ ተነስተን አራት ጊዜ ጣና ገባን። አንድ ዓሣ አላየንም።

ለአንድ አቅራቢ ከሚሰጠው 15 ደቂቃ 9ኙ በካርታ ያልቃል። ሰብሳቢው «2 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ሲያነሳ ውጤቱ ይመጣል፦ ከመመረቂያ ጽሑፉ ተቆርጦ የተለጠፈ፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ባለ 14 ዓምድ ሠንጠረዥ። «ከኋላ ላላችሁ ላይታይ ይችላል።» ከፊት ላለነውም አልታየም፤ እኩልነት ይሏችኋል ይኼ ነው። ቀጥሎ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» የሚሉት ትልቅ ሰው ማይኩን ይይዛሉ። ማይኩ ከእጃቸው የሚወጣው ሻይ ሲቀርብ ነው።

በር አጠገብ አንድ ዓሣ አጥማጅ ተቀምጠው ነበር፤ «ባለድርሻ አካል» ተብለው የተጠሩ። የዕለቱ ርእስ ነጭ ዓሣ ነው። በጣና 15 ያህል ዓይነት አለው፤ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ሌላ አገር የላቸውም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ ደግሞ ለከርሞ የሚጠመደውን ይዛ ትሞታለች። መረቡ በየትኛው ሳምንት ይነሳ፣ የዓይኑ ስፋት ስንት ይሁን የሚለው እኒህን ሰው ነበር የሚመለከተው። ይኼ ጉዳይ የሰፈረው 31ኛው ስላይድ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ። ተዘለለ። ይኼ ያሳፍራል! የዓባይን ልጅ ውሃ የጠማው ውሃ ጠፍቶ አይደለም፤ ጣሳውን የያዘው ሰው ስለ ጣሳው ንግግር እያደረገ ስለሆነ ነው።

ከሰዓት በኋላ እምቦጭ ነቀላ ወጣን። አዲስ ጓንት፣ አዲስ ቲሸርት፣ ፎቶ። የተነቀለውን ከውሃው አርቆ ማድረቅ ፕሮግራሙ ላይ ስላልነበረ እዚያው ዳር ላይ ተከመረ፤ ሥሩ አልደረቀም፣ ማዕበሉ ማታ መልሶ ወሰደው። በዚህ አያያዝ ለሚቀጥለውም ዙር የሚነቀል አይጠፋም።

የሚቀጥለው ባነር ከወዲሁ ታዟል። ካርታውም ተሻሽሎ ከመላው ዓለም ይጀምራል ተብሏል።