ቁጥሩ በሬው ጆሮ ላይ አለ፣ ማንበቢያው የት ነው?

ጎበዝ፣ ይሄን ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም።

አባየ ደምቢያ ነው የሚያርሰው። እኔ ጎንደር ከተማ ነው የምሠራው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አምና ክረምቱ ሳይገባ ሰዎች መጡና የሰፈሩን ከብት ሰብስበው ጆሮ በሱ። የሰኩበት መለያ ቢጫ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ቺፕ ያለው። «አባት፣ ከእንግዲህ በሬዎ ቢጠፋ ይገኛል» አሉት። አባየ አመነ። ለምን አያምን? ከጥማዱ አንዱ ከጎደለ የዓመቱ እርሻ ቆመ ማለት ነው።

ጥቅምት ላይ ቦቃው በሬያችን በሌሊት ተሰረቀ። በ11ኛው ቀን አዘዞ በኩል ገበያ ላይ አገኘነው። መለያው ጆሮው ላይ እንዳለ ነው! ሌባው ቆርጦ ለመጣል እንኳ አልደከመም፣ ማንም እንደማያነበው ያውቃላ። የያዘው ሰውዬ «ገዝቼው ነው» አለ። እኛም «ቁጥሩ ይነበብ» አልን። ማንበቢያ የለም። ስንደውል ማንበቢያው ሌላ ወረዳ ነው ተባልን። መዝገቡስ? መዝገቡን የሚይዘው ልጅ ሥልጠና ሄዷል። ፕላስቲኩ ላይ የታተመውን ቁጥር በዓይናችን አነበብነው፣ ግን ያ ቁጥር የአባየ በሬ ነው የሚል አንድ ብጣሽ ወረቀት እጃችን ላይ የለም። ሲበሱ ለባለቤቱ ምንም አልሰጡማ!

በሬውን ያስመለሱልን ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። ግንባሩ ላይ ያለውን ነጭ፣ የተሰበረውን ቀኝ ቀንዱን፣ ጥጃ እያለ ጅብ የቧጨረውን ታፋውን አንድ በአንድ ቆጥረው መሰከሩ። እግዜር ይስጣቸው። እነሱ ባይኖሩ ቦቃው ቄራ ገብቶ ነበር።

መለያውን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ለሚሸጥ ከብት ገዥው ከየት እንደመጣ፣ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ካለበት አካባቢ እንዳልተነሳ ልወቅ ቢል መብቱ ነው። አውሮፓም በእብድ ላም በሽታ ከተቃጠለች በኋላ ነው ለከብቶቿ ፓስፖርት ያወጣችው፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በግና ፍየልም በኤሌክትሮኒክ መለያ እንዲመዘገብ አዘዘች። አሜሪካም በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ከክልል ክልል ለሚሻገሩ፣ ከ18 ወር በላይ ለሆናቸው የርቢ ከብቶች ግዴታ አደረገችው። እዚያ ግን ከመለያው ጋር ማንበቢያውም መዝገቡም አብሮ አለ።

ብዙ ሰው ደግሞ መለያው ከብቱ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ጂፒኤስ ይመስለዋል። አይደለም። ባትሪ እንኳ የለውም፣ ማንበቢያው ተጠግቶ ሲቀሰቅሰው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል፣ በቃ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተወለደ፣ መቼ እንደተከተበ የሚያውቀው መዝገቡ ነው። መዝገቡን ሰው ካልከፈተው በሬው የተሸከመው ፕላስቲክ ብቻ ነው፣ ያውም ጆሮው መግሎ አባየ ሁለት ሳምንት በጨው ውኃ ሲያጥብለት የከረመው።

አሁን የጊደሯ ተራ ደርሷል፣ ሰኞ አምጧት ተብሏል። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከአባየ ጋር አብሬ እሄዳለሁ። ቁጥሯ ከአባየ ስም ጋር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት እጃችን እስኪገባ ድረስ ጆሮዋን አናስነካም። ገበያው ላይ ማንበቢያ መቼ እንደሚቀመጥም እዚያው ቆሜ እጠይቃለሁ። የደምቢያና የጭልጋ ልጆች፣ የእናንተም ወላጆች ከብት ከተበሳ ወረቀት ተሰጥቷቸው እንደሆነ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቋቸው።