ስለ ጤናማ እርጅና ጥናቶች የተሰጠ ማስተካከያ

ሰሞኑን በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ለጡረተኞች በታደለው የጤና መረጃ ወረቀት ላይ፣ በአሜሪካ የሚካሄደው የባልቲሞር የእርጅና ጥናት ከመነሻው ወንዶችንና ሴቶችን እኩል እንደተከታተለ መገለጹ ሊታረም ይገባዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀመር ተሳታፊዎቹ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሴቶች የገቡት በ1978 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ዓመታት ውጤት ለእናቶቻችንም እንደሚሠራ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።

ይበልጥ ማብራሪያ የሚሻው ግን፣ የ40 እና የ80 ዓመት ሰዎችን የደም ግፊት በአንድ ወቅት ለክቶ ማወዳደር «የረጅም ጊዜ ጥናት» መባሉ ነው። በእንዲህ ያለው ንጽጽር የሚታየው ልዩነት ከዕድሜ የመጣ ይሁን፣ ወይስ ሁለቱ ትውልዶች በልጅነታቸው ካገኙት ምግብ፣ ክትባትና ትምህርት፣ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ በዚያ ላይ 80 የደረሱት ከእኩዮቻቸው መካከል በሕይወት የቆዩት ብቻ በመሆናቸው፣ ቀድመው የሞቱት ከስሌቱ ውጭ ይቀራሉ። የረጅም ጊዜ ጥናት ያንኑ ሰው በየጊዜው ደጋግሞ ይለካል። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በማርች 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተወለዱት መካከል የተመረጡ 5,362 ሰዎችን ከልጅነት እስከ እርጅና የተከታተለው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በወረቀቱ የተጠቀሰው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በቡታጅራ ያካሄደው ክትትልም ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለመመዝገብ የተዘረጋ ነው (የልደት ቀን በግምት በሚነገርበት አገር ይህም ቀላል ሥራ አይደለም) እንጂ እርጅናን ለማጥናት ተብሎ የተቋቋመ አይደለም።